ሻዩም «ታሪክ»፣ ኑድሉም «ታሪክ»



ማሌዥያ ለትምህርት የመጣ ሐበሻ በመጀመሪያው ሳምንት የሚስቅበት አንድ ቃል አለ። በባንኩም፣ በሱቁም፣ በቤተ መጻሕፍቱም የመስታወት በር ላይ በላቲን ፊደል «ታሪክ» ተብሎ ተጽፎ ያገኛል። የምን ታሪክ? በማላይኛ «ሳብ» ማለት ነው። በሩን ሳብና ግባ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ሻይ ቤት ሲገባ ደግሞ «ቴህ ታሪክ» ይሉታል፤ የሚሳብ ሻይ። ኑድሉም «ሚ ታሪክ» ነው፤ የሚሳብ ኑድል። እኛ ግን ስንቆይ የገባን ነገር ቢኖር የእኛም ትርጉም ያን ያህል አለመሳሳቱ ነው። እዚህ አገር ሳህን ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ታሪክ አለው።

እኛ አራት ነን። የደሴ፣ የሐረር፣ የጅማና የአዲስ አበባ ልጆች። የምንኖረው ከኳላ ላምፑር በስተሰሜን፣ ጎምባክ በሚባለው በኩል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያው ክፍል፣ ላይብረሪ፣ ዶርም ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ባቡር ይዘን ወደ ከተማ እንወርዳለን። ኪሳችን የተማሪ ኪስ ስለሆነ የገበያ ማዕከሎቹን በመስታወት በኩል አይተን እናልፋለን፤ የምናውቀው በእግር የሚደረስበትንና በጥቂት ሪንጊት የሚበላበትን ነው። ቤተሰብ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ትበላላችሁ?» ነው። ወዲያው ቀጥሎ «ሐላል ነው ወይ?» ይመጣል። ይቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ አገር ቤት እያለን እንደ ቁጥጥር እናያት ነበር። እዚህ ግን ከተማውን ያስጎበኘችን እሷ ናት። እስቲ አንዱን ቅዳሜና እሁድ እንንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ የሚበላው ማማክ ቤት ነው። ማማክ የሚባሉት ቅድመ አያቶቻቸው ከደቡብ ሕንድ ባሕር ተሻግረው ለንግድና ለሥራ የመጡ ታሚል ሙስሊሞች ናቸው። ስያሜው ከታሚልኛ «አጎት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሻይ ቤቱ በኛ አባባል «አጎቴ ቤት» እንደማለት ነው። ብዙዎቹ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ናቸው። ሌሊት ኳስ የሚታየው፣ ለፈተና የሚጠናው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። ሊጡን እንደ ጨርቅ አየር ላይ እያወዛወዙ እስኪሳሳ ይወረውሩታል፣ ያጥፉታል፣ ምጣድ ላይ ያደርጉታል፤ ሮቲ ቻናይ ይሉታል፣ ከምስር ወጥ ጋር ይቀርባል። ሻዩ ወፍራም የጣሳ ወተት ይገባበትና ሰውየው አንዱን እጁን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ዘርግቶ ከኩባያ ኩባያ እየገለበጠ አረፋ እስኪያወጣ ይስበዋል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አትወድቅም። «ሙርታባክ» የሚባለው ደግሞ እንቁላል፣ ሽንኩርትና ሥጋ በሊጥ ታጥፎ የሚጠበስ ነው። የሐረሩ ልጅ መጀመሪያ ቀን አይቶት «ይሄ እኮ ፈጢራ ነው!» ብሎ ጮኸ። አልተሳሳተም። ስሙ ከዐረብኛው «ሙጠበቅ»፣ ከ«የታጠፈ»፣ የመጣ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴ በሄደበት ሁሉ ሊጥ ሲያጥፍ ኖሯል።

በዚያ ጠዋት ግን ቁርሱ ላይ ሌላ ጉዳይ ነበረን። የደሴው ልጅ አብሮት የሚማር ጓደኛ አለው፤ ማሌዥያዊ ቻይናዊ ነው፣ ቤተሰቡ ቡድሂስት። ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከኛ ጋር ሲሆን ሁሌም ማማክ ቤት ነው የሚበላው፤ ማንም ሳይነግረው ራሱ ወደዚያ ይመራናል። ታዲያ «እናቴ እሁድ ምሳ አራታችሁም ኑ ብላለች» ብሎ ላከ። ምን ይመለስለታል? አንዳችን «ጥናት አለብን በሉት» አለ። ሌላው «ውሸት ነው፤ ደግሞስ ስንት እሁድ ይጠናል?» አለ። ሦስተኛው «ሄደን ፍራፍሬ ብቻ እንብላ» አለ፤ ያም ለእናት ከመቅረት የባሰ ነው። በመጨረሻ የጅማው ልጅ ሻዩን አስቀምጦ «አገራችን እንዴት ነው የምናደርገው? ሰው ጎረቤቱን ደብቆት ያውቃል? ይነገረው» አለ።

እውነቱን ነው። ደሴ ላይ ክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ ሲኖራት ለሙስሊሞቹ በግ ለብቻ ይቀመጣል፣ ሙስሊም ያርደዋል፣ ሙስሊም ሴቶች ይሠሩታል፣ ድስቱም ከሙስሊም ቤት ይመጣል። እኛም ስንድር እንዲሁ ነው። ማንም «ተናቅሁ» አይልም። እንዲያውም ያልታሰበለት ነው የሚቀየመው። ይህን ወግ ግን ለቻይና እናት በስልክ መልእክት እንዴት ትጽፈዋለህ? ሦስት ጊዜ ተጻፈ፣ ሁለቴ ተሰረዘ። «በጣም ደስ ብሎናል። እንመጣለን። እኛ የምንበላው ሐላል ብቻ ስለሆነ እናትህን ማስቸገር ፈራን፤ ከከበዳት ሻይ ብቻ ጠጥተን እንጫወታለን» የሚል ተላከ። መልስ የለም። ተነስተን ወደ ባቡሩ ሄድን።

ባቡሩ ሾፌር የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፉርጎ ፊት ለፊት መስኮት ነው፤ የሕፃናት ቦታ ነው ይባላል፣ ግን እኛም አንለቅላቸውም። ከጎምባክ ተነስቶ መጀመሪያ በአየር ላይ፣ ቀጥሎ በመሬት ውስጥ ይሄድና «መስጂድ ጃሜ» የሚባል ጣቢያ ያወርዳል። ስሙ የተወሰደው ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው መስጂድ ነው።

ስለዚህ መስጂድ ትንሽ እንቆይ። ኳላ ላምፑር ማለት «ጭቃማ የወንዞች መገናኛ» ማለት ነው። ክላንግና ጎምባክ የሚባሉት ሁለት ወንዞች እዚህ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ቆርቆሮ ፍለጋ የመጡ ቻይናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች በጀልባ እስከዚህ ወጡ፣ አካባቢው ገበያ ሆነ፣ ገበያው ከተማ ሆነ። መስጂዱ በትክክል ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ሹል መሬት ላይ የተሠራ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ንድፉን ያወጣው አርተር ቤኒሰን ሐባክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የአሮጌውን ባቡር ጣቢያ ንድፍም የሠራው እሱ ነው። ሰውየው የሕንድ ሙጋሎችን አሠራር ወስዶ ቀይ ጡብና ነጭ መስመር፣ ሽንኩርት የሚመስሉ ጉልላቶች አድርጎ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1965 ብሔራዊው መስጂድ እስኪሠራ ድረስ የከተማው ዋና መስጂድ ይኸው ነበር። አሁን ሰማይ ጠቀስ ባንኮች ከበውታል። ውስጥ ገብተህ ቀዝቃዛው እብነ በረድ ላይ ስትቀመጥ ግን የመኪናው ድምፅ ይርቅና የወንዙ ይቀርባል።

ዙህር እዚያ ሰገድን። ሶፉ ላይ ባንግላዴሻዊ የግንባታ ሠራተኛ፣ ኢንዶኔዥያዊ ነጋዴ፣ ከረባት ያሰረ ማላይ አንድ ላይ ናቸው። ከሶላት በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ማንበብ ልማዳችን ነው፤ ማላይኛ የተማርነው ግማሹን ከዚያ ነው። እሁድ «አሃድ» ነው፣ ረቡዕ «ራቡ»፣ ሐሙስ «ኻሚስ»፣ ዓርብ «ጁማአት»። ወረቀት «ከርታስ»፣ እኛ ክርታስ እንደምንለው። ጊዜ «ዋክቱ»፣ ወቅት ነው። ዐረብኛ በሁለታችንም በር አልፏልና ገና ሳንማር ሃምሳ ቃል የምናውቅ ነን። ማክሰኞን ብቻ «ሰላሳ» ይሉታል፤ እሷን ከቁጥር ጋር እስካሁን እናምታታለን። ስልኩ ታየ። መልስ የለም።

ከመስጂዱ ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄዱ «ፓሳር ሰኒ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የሥጋና የአትክልት ገበያ ሆኖ የተጀመረ፣ አሁን የእጅ ሥራ የሚሸጥበት። ከዚያ የቻይና ሰፈር ይጀምራል። እዚያ ውስጥ «ክዋይ ቻይ ሆንግ» የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ተጥሎ የነበረ የጓሮ መንገድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አድሰው ግድግዳው ላይ የድሮውን ሰፈር ኑሮ ሳሉበት። ደብዳቤ ለሌላ ሰው የሚጽፍ፣ ፀጉር የሚቆርጥ፣ የሚራገጡ ልጆች። የአዲስ አበባው ልጅ ሥዕሉ ላይ ካለው የፀጉር ቆራጭ ወንበር ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ሁላችንም ተነሳን፤ ቱሪስት አይደለንም ብንልም ሆነናል።

ሰፈሩ በምግብ ሽታ የታጨቀ ነው፤ ርቦናል። እዚህ ጋ ነው ጥያቄዋ የምትሠራው። በብዙ ምግብ ቤት በር ላይ «ኖ ፖርክ፣ ኖ ላርድ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አሳማ የለም፣ የአሳማ ስብ የለም ማለት ነው። ጽሑፉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ሐላል ነው ማለት አይደለም። ዶሮው በማን እጅ ታረደ? ሶሱ ውስጥ የማብሰያ ወይን ገብቷል? እነዚህን አይመልስም። በቻይና ምግብ የሩዝ ወይን እንደ ቅመም ይጨመራል። የጃፓኑ «ሚሪን» የሚሉት ጣፋጭ ነገርም የሩዝ ወይን ነው፤ ያንን የሚያብለጨልጭ «ቴሪያኪ» ሶስ የሚሠራው በሱ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ይህን የሚያጣራው «ጃኪም» የሚባለው የመንግሥት የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው፤ ያለፈው ቤት ክብ ሆኖ መሐሉ ኮከብ ያለበት ምልክት ይሰቅላል። ምልክት የሌለው ሁሉ ሐራም ነው ማለት አይደለም፤ ምዝገባው በፈቃድ ነውና ብዙ የማላይና የማማክ ትንንሽ ቤቶች የላቸውም። ያኔ መጠየቅ ነው።

ይህን የምንጽፈው አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ላላችሁትም ነው። ቦሌ አካባቢ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የሕንድ ምግብ ቤት አለ፤ ልደት ሲሆን፣ ጓደኛ ሲመረቅ መሄዳችሁ አይቀርም። አንድ ነገር ታዝበናል። ሥጋ ቤት ሄዶ «የሙስሊም ነው?» ለማለት የማያፍር ልጅ፣ ወንበሩ ለስላሳና ሜኑው ባለ ቆዳ ሽፋን ሲሆን ምላሱ ይታሰራል። ለምን? አስተናጋጁ «ኦቾሎኒ አይስማማኝም» ለሚል ሰው ወጥ ቤት ሄዶ ጠይቆ ይመጣል። ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ሶሱ ውስጥ ወይን መኖሩን፣ መጥበሻው የጋራ መሆኑን መጠየቅም እንደዚያው ነው። በትህትና ከተጠየቀ የሚቀየም አላየንም። «ምን ይሻለኛል?» ብሎ ለጠየቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜኑው ላይ የሌለ ነገር ይመጣል።

እኛም ጠየቅን። አንድ የፍራፍሬ ሻጭ ቻይናዊት እናት ራሳችንን አይታ፣ ጥያቄውን ሳንጨርስ፣ በጣቷ ወደ ሌላ መንገድ አመለከተችን። «ሙስሊም ቻይኒዝ» አለች።

ቤቱ የሑይ ሙስሊሞች ነው። ሑዮች ቻይንኛ የሚናገሩ፣ ከዘመናት በፊት የሰለሙ የቻይና ሕዝብ ናቸው፤ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ላንጆ የምትባለው ከተማ የምትታወቅበትን በእጅ የሚሳብ የበሬ ኑድል ስም ያሰጡት እነሱ ናቸው። ነጭ ኮፍያ ያደረገው አብሳይ አንድ ድብልብል ሊጥ ይዞ ክንዱን ዘርግቶ ሳበው፣ አጠፈው፣ አንዱ ሁለት ሆነ። ደግሞ ሳበው፣ አራት። ስምንት። አሥራ ስድስት። ሰባት ጊዜ ሲያጥፈው 128 ክር ነው፤ የሒሳብ አስተማሪዎቻችን እንዲህ ቢያስተምሩን ኖሮ! ሾርባው ኩል ያለ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ በርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ ድንብላሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ መሆን አለበት ይላሉ፤ አንዱ ከጎደለ የላንጆ አይደለም። የደሴው ልጅ በእንጨቶቹ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ኑድሉ ሦስት ጊዜ አመለጠው። «አላህ አምስት ጣት ሰጥቶኝ በሁለት እንጨት ልሰቃይ?» አለ። አብሳዩ ሳይጠየቅ ሹካ አመጣለት፣ ከየት እንደመጣንም ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» አልነው፣ አላወቃትም። «ሐበሻ» ስንለው ግን ፊቱ በራ፦ «ነጃሺ!» አለ። ቻይንኛችን ዜሮ፣ ማላይኛው ጥቂት። የቀረውን በፈገግታ ጨረስነው። ስንወጣ የሐረሩ ልጅ ስልኩን አሳየን። መልእክቱ ተነቧል። መልስ ግን የለም።

ይሄ ነው ከሁሉም የከበደው። ያልተነበበ መልእክት ተስፋ አለው። ተነቦ ዝም ሲባል ግን ሰው መገመት ይጀምራል። ተቀይሞ ይሆን? እናቱ «የኔን ድስት ቆሻሻ አሉት» ብላ ይሆን? ሁለት ዓመት የሚጋሩትን ማስታወሻ ደብተር፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊት የሚያስጠናውን ልጅ፣ በአንድ የምሳ ጥሪ ማጣት ቀላል አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የኳላ ላምፑር ዝናብ ወረደ። ይህ ዝናብ ካፊያ ምናምን የለውም፤ ሰማዩ አንድ ጊዜ ይደፋል። አስርን ሰግደን፣ ሲያባራ ወደ ካምፑንግ ባሩ ሄድን። «አዲሱ መንደር» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የማላዮች የእርሻ መንደር እንዲሆን የተከለለ ነው። በምሰሶ ላይ የቆሙ የእንጨት ቤቶች፣ ሙዝ፣ ዶሮ፣ የተሰጣ ልብስ፤ ከበላያቸው ደግሞ 452 ሜትር የሚረዝሙት የፔትሮናስ መንትያ ሕንጻዎች። መንደሩ ይልማ፣ ይፍረስ፣ ይቆይ የሚለው ክርክር ለዓመታት የዘለቀ ነው። መሬቱ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በውርስ እየተከፋፈለ አንዱ ቁራሽ የብዙ ወራሾች ሆኗል፤ ሁሉንም ማስማማት ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባው ልጅ የተወለደው ፒያሳ ነው፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ እሱ እዚህ ነበር፣ ያየው በስልክ ቪዲዮ ነው። አንድ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ቀረ። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እሳቸው ሰላምታ ሰጡት፣ እሱ መለሰ፣ ሌላ አልተባባሉም። እኛም አልጠራነውም። ራሱ ሲበቃው መጣ።

መግሪብ ከምሽቱ 1፡20 ገደማ ነው፤ እዚህ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ሰግደን በኋላ ናሲ ለማክ በላን። ሩዙ በኮኮናት ወተት ይበስላል፤ ከጎኑ የሚያቃጥል ሳምባል፣ የተጠበሱ ትንንሽ ዓሦች፣ ኦቾሎኒ፣ ዱባ መሰል ኪያርና እንቁላል፣ ሁሉም በሙዝ ቅጠል ላይ። ሳምባሉን ከአዋዜ ጋር ማወዳደር የሁልጊዜ ክርክራችን ነው፤ አዋዜ ያሸንፋል፣ ግን በጠባብ ውጤት። ክርክሩ መሐል ስልኩ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ እየረዳሁ ነበር። እናቴ ድስት ገዝታለች፣ ሐሙስ ዕለት። ንገራቸው ብላኝ ነበር፣ ረሳሁ።»

እሁድ ሄድን። ቤቱ ሲገባ ግራ በኩል የአያቶች ማክበሪያ አለ፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ብርቱካን ተደርድሯል። እናት ወዲያው ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ «ያንን ብርቱካን አላቀርብላችሁም፤ የናንተው ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለች። እኛ ገና አላሰብነውም ነበር። ወጥ ቤት አስገብታ አሳየችን። አዲስ ድስት፣ አዲስ መጥበሻ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ገና ያልተላቀቀ። የዶሮውን ላስቲክ ሐላል ምልክቱ እንዲታይ ሳትጥለው አጥባ አስቀምጣዋለች። የሶያ ሶስ ጠርሙሱም ምልክቱ ወደኛ ዞሯል። ዓሣ በዝንጅብል በእንፋሎት፣ «ካንግኩንግ» የሚሉት ቅጠል በነጭ ሽንኩርት፣ ቶፉ፣ ዶሮ በሩዝ። የሩዝ ወይኑን ትታ በምን እንደተካችው ልጇ ጠየቃት፤ «በሎሚ፤ ምንም አልጎደለውም» አለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ትንሽ ጎድሎታል» አለች። ሳቅን።

የደሴው ልጅ የአገሩን ወግ ነገራት፤ የጎረቤቷ ሰርግ፣ ለብቻ የሚቀመጠው በግ፣ ከሙስሊም ቤት የሚመጣው ድስት። ልጇ እየተረጎመ እሷ በጥሞና ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ታዲያ ድስቱን ሰርጉ ሲያልቅ ይመልሱታል?» አዎ፣ ታጥቦ ይመለሳል አልናት። «እኔስ ይሄን የት ልመልሰው?» አለች። ዙህር ሲደርስ ጫማ የማይረገጥበትን ክፍል ለቀቀችልን፣ ቂብላውን በስልካችን አገኘን፣ ውጭ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ሲቀነስ ተሰማን።

ስንወጣ ድስቱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከሌሎቹ ለይታ ስታስቀምጠው አየን። ልጇ ባለፈው ማክሰኞ፣ «ሰላሳ» ዕለት፣ መልእክት ላከ። «እናቴ ድስቱ አቧራ እየጠጣ ነው ትላለች።»